የልጄን ጸጉር ላተረፈችልኝ የሳቢያን ሹሩባ ሠሪ

አቦ የድሬ ልጆች፣ ይሄን ለመጻፍ ሁለት ወር ሙሉ ሳፍር ነው የቆየሁት። ዛሬ ጠዋት ግን ልጄ መስታወት ፊት ቆማ ሹሩባዋን እያወዛወዘች ስትስቅ አየኋትና ማፈሬ ራሱ አሳፈረኝ። ጉዳዩ ቅማል ነው። አዎ፣ ቅማል። አፍንጫችሁን የያዛችሁ ልቀቁት፤ ልጅ ያለው ሰው ሁሉ ተራው ሊደርሰው ይችላል።

እኔ ድሬዳዋ ውስጥ ከከዚራ ሰፈር ሳቢያን ሰፈር ባጃጅ እነዳለሁ። ባለቤቴ ቤሩት ከሄደች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ልጃችን ሰባት ዓመቷ ነው፣ ከእኔና ከእናቴ ጋር ትኖራለች። ጸጉሯ የእናቷን ነው፤ ጥቁር፣ ብዙ፣ ትከሻዋን ያለፈ። ባለቤቴ ስትሄድ ስለ ገንዘብም ስለ ቤቱም ብዙ አላለችኝም። «ጸጉሯን እንዳታስቆርጥ» ነው ያለችኝ። እኔ ደግሞ ስለ ሴት ልጅ ጸጉር የማውቀው ነገር ቢኖር መኖሩን ብቻ ነው።

መጀመሪያ ማከክ ጀመረች። ሙቀት ነው ብዬ ዝም አልኩ። በድሬ ሙቀት የማያክከው ማን አለ? ከዚያ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ልወስዳት ስሄድ የመጨረሻው ወንበር ላይ ብቻዋን ተቀምጣ አገኘኋት። መምህሯ በሌሎች ወላጆች ፊት «ልጅህን አጽዳ» አለችኝ። አጽዳ! እናቴ ያቺን ልጅ በየሁለት ቀኑ ነው የምታጥባት። መልስ ሳልመልስ እጇን ይዤ ወጣሁ።

መድኃኒት ቤት ሄድኩ። ልጁ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ አንድ ጠርሙስ ሰጠኝና «ቀብተህ አጥባት» አለ። ስንት ጊዜ? ከዚያስ? ምንም የለም፣ ሂሳብ ብቻ። ቀባናት፣ ሞተው ረገፉ፣ ደስ አለን። ሳምንት አለፍ ሲል እንደገና ማከክ። ሌላ መድኃኒት ቤት፣ ሌላ ጠርሙስ፣ ይሄኛው እንዲያውም ውድ ነው። እንደገና ረገፉ፣ እንደገና መጡ። አልጋውን በበረሮ መርጫ ነፋሁት፤ ሌሊቱን ሦስታችንም ስንስል አደርን እንጂ ያመጣው ለውጥ የለም። ፍራሹን ላቃጥለው ነበር፣ እናቴ ከለከለችኝ።

የመረረኝ ግን ሳሎኑ ነው። ስሙን አልጠራም። ባለሙያ ይያት ብዬ መስታወቱ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሆነ ቤት ወሰድኳት። ሠራተኛዋ ጸጉሯን ከፍ አደረገችና እንደ ፍም ለቀቀችው። «ኧረ ቅማል ነው!» ብላ ጮኸች። ካስክ ውስጥ የነበሩት ሴቶች ሁሉ ዞሩ፣ አንዷ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ልጄ ፎጣው አንገቷ ላይ እንደታሰረ፣ ወንበሩ ላይ ደርቃ ቀረች። ፎጣውን ራሴ ፈታሁላት። ከኋላ ተቀምጣ የደቻቱን ድልድይ እስክንሻገር አንድ ቃል አልተናገረችም። ከተሻገርን በኋላ «አባ፣ እኔ ቆሻሻ ነኝ?» አለችኝ። ባጃጁን ዳር አቆምኩት። ምን እንዳልኳት አላስታውስም፣ ጥሩ ነገር እንዳላልኩ ግን አውቃለሁ፤ ጉሮሮዬ ተዘግቶ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሻሽ ሳታስር አትወጣም። እናቷ በኢሞ ደውላ «እስኪ ጸጉርሽን አሳዪኝ» ስትላት «ኔትወርክ የለም» ብላ ትዘጋባታለች። ሰባት ዓመቷ ነው፣ እንዲህ ያለ ውሸት ከየት ተማረች?

ጎረቤት መቼም ምክር አያልቅበትም። አንዱ ላጫት አለ። አንዷ ደግሞ ጋዝ ቀብተህ በፌስታል ሸፍነህ አሳድራት አለችኝ፣ «እኛ ድሮ እንደዛ ነበር» ብላ። ላጫት ያለውን የባለቤቴ ቃል ከለከለኝ፤ ስለዚህ ጋዙን ገዛሁ። ግማሽ ሊትር፣ በሃይላንድ ጠርሙስ። ባጃጅ ውስጥ አስቀምጬው ሥራዬን ቀጠልኩ።

እግዜር ሲረዳ እንዲህ ነው። ከአሸዋ ገበያ አንዲት ሴት ሂና በፌስታል ይዛ ተሳፈረች። ሁለት ደቂቃ ሳንሄድ «ወንድሜ፣ ምንድነው የሚሸተው? ባጃጅህ ሊነድ ነው እንዴ?» አለችኝ። ለማላውቃት ሴት ለምን እንደነገርኳት አላውቅም፤ ምናልባት ስለማላውቃት ይሆናል። የመምህሯን፣ የጠርሙሶቹን፣ የሳሎኑን፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። አላቋረጠችኝም። ስትወርድ እጇን ዘረጋችና «ጋዙን ስጠኝ» አለች። «ይሄ የልጅ ራስ ቆዳ ይልጣል። እሳት አጠገብ ብትጠጋስ? ለቡና ከሰል የሚያያዝበት ቤት አይደለም እንዴ ያለህ?» ጋዙን ይዛው ገባች። «ነገ ጠዋት አምጣት፣ ሰው ሳይበዛ።»

ሹሩባ ሠሪ ናት። ቤቷ አንድ ክፍል ነው፤ መጋረጃ፣ ሁለት በርጩማ፣ አንድ ባልዲ፣ ግድግዳው ላይ ያረጀ የሙሽራ ፎቶ። ልጄ በሩ ላይ ቆማ አልገባም አለች። ሻሿን በሁለት እጇ ይዛ «አንቺም ታባሪኛለሽ?» ብላ ጠየቀቻት።

ሴትየዋ ምንም አልመለሰችም። የራሷን ሻሽ ፈታች፣ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለች፣ ጥርሱ ጥቅጥቅ ያለ የብረት ማበጠሪያ አንስታ ለልጄ ሰጠቻት። «መጀመሪያ አንቺ እኔን ፈትሺኝ» አለች። ልጄ እኔን አየችኝ፣ ሴትየዋን አየች፣ ከዚያ ገባች። እንደ ሐኪም ከጆሮዋ ጀርባ፣ ከማጅራቷ፣ ቀስ እያለች ፈተሸቻት። «ምንም የለም» አለች በመጨረሻ። «ማሻአላህ። አሁን ደግሞ አባትሽን።»

የእኔ ጸጉር አጭር ነው፣ ተማምኜ ጎንበስ አልኩ። አንድ ተገኘ። አንድ ብቻ፣ ግን ደንበኛ የጠገበ! ነጭ ሶፍት ላይ አድርጋ «አየሽ? የአባትሽ ነው» ብላ አሳየቻት። ያቺ ልጅ በወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። እኔ ላይ ነው የሳቀችው፣ ትሳቅ።

ከዚያ ሥራው ተጀመረ። ጸጉሯን አርጥባ ኮንዲሽነር በብዙ ቀባቻት፣ እዚህም እዚያም ከፋፍላ በፒን ያዘችው፣ ከሥሩ እስከ ጫፉ አንድ ጊዜ በሳበች ቁጥር ማበጠሪያውን ሶፍት ላይ ትጠርጋለች። እርጥብ ሲሆን እንደ ደረቁ አይሮጡም አለችኝ። ሁለት ሰዓት አልፎ ፈጀ። በመሃል ደንበኞች መጡ። መጋረጃውን ሳትከፍት ከውስጥ ሆና «ሙሽራ ይዣለሁ፣ በኋላ ኑ!» ብላ መለሰቻቸው። ልጄ ሙሽራ መባሏን ሰምታ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። አቦ፣ ወንድ ልጅ ባጃጅ ጠፍቶበት እንኳን እንደዛ አያለቅስም።

ስለ ቅማሉ አስረድታኛለች፣ ግማሹ አልገባኝም፣ የገባኝን ልንገራችሁ። ቅጫሙ ጸጉር ላይ ተለጥፎ ነው የሚቀመጠው። መድኃኒቱ የሚሄደውን ይገድላል፣ እንቁላሉን ግን ሁሉንም አይገድልም፤ «እናቲቱ ሞተች ብለህ ስትተኛ ልጆቹ በሳምንታቸው ይፈለፈላሉ» አለችኝ። ለዛ ነው ብዙውን ጊዜ በዘጠነኛው ቀን መደገም ያለበት። ይሄን የነገራት ጤና ጣቢያ ያለች ነርስ ናት፣ የራሷ ልጅ ይዞት በነበረ ጊዜ። አያችሁ፣ ሁለት ጠርሙስ ሲሸጡልኝ ይህቺን አንዲት ዐረፍተ ነገር የጨመረልኝ ሰው አልነበረም! እኛ ከዚያ በኋላ መድኃኒት አልጨመርንም፤ በማበጠሪያው ብቻ በየሦስት ቀኑ ለሁለት ሳምንት ከዚያም ትንሽ ጨምረን ቀጠልን። ቀኖቹን የትራፊክ ቅጣት ወረቀት ጀርባ ላይ ጻፈችልኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ የቅጣት ወረቀት ጠቀመኝ።

ልጄ ቆሻሻ ነኝ ወይ ያለችውን ስነግራት ተናደደች። ቅማል የታጠበ ጸጉር ያልታጠበ ጸጉር አይመርጥም፤ አይዘልም፣ አይበርም፣ ራስ ከራስ ሲነካካ ነው የሚሻገረው። «ልጆቹን ስልክ ሲያዩ አይተሃቸዋል? ስልኩ አንድ፣ ራሱ አራት» አለች። እውነቷን ነው፣ እኛ ግቢ ማታ ማታ ያለው ይኸው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ልትጨርስ ስትል እንደ ቀላል ነገር «ከማን ጋር ነው የምትተኛው?» አለችኝ።

«ከእናቴ ጋር።»

«እሷን ማን ፈተሻት?»

ዝም አልኩ። እናቴን የማያውቅ ሰው ዝምታዬን አይረዳም። በባቡሩ ዘመን ከጅቡቲ ልብስ እያመላለሰች፣ ከፊናንስ (ከጉምሩክ ጠባቂዎች) ጋር እየተሯሯጠች አራት ልጅ ያሳደገች ሴት ናት። ሻሿ ከራሷ ወርዶ አይቼ አላውቅም። እሷን «እስኪ ቅማል ካለሽ ልይሽ» የሚል ልጅ አልወለደችም። ለካ ያ ሁሉ ጠርሙስ ሲፈስ ልጅቷ እየጸዳች ማታ ማታ ወደዚያው ትራስ ስትመለስ ነበር የከረመችው።

«ተወው ለእኔ» አለች ሹሩባ ሠሪዋ። እሁድ ከሰዓት እናቴ ቡና አፍልታ ሳለ መጣች። እኛ ድሬዎች አንቱታ ላይ ብዙም አይደለንም፣ የአዲስ አበባ ሰው ሲሰማን ይደነግጣል፤ እሷም እንደ ገዛ ልጇ ገብታ አጠገቧ ቁጭ አለችና «እማ፣ ይሄ ጸጉርሽ እኮ ሂና ይፈልጋል። ዛሬ እኔ ላስውብሽ» አለቻት። እናቴ ተግደረደረች፣ ሁለተኛውን ስኒ ጠጣች፣ ሻሿን ፈታች። ለሂናው መጀመሪያ መበጠር አለበት ተባለ። ተበጠረ። ያገኘችውን ሁሉ ሶፍት ውስጥ እየጠቀለለች በኪሷ ከተተች፣ ፊቷ ላይ አንድ ነገር አላሳየችም፣ ስለ ሙሽራና ስለ ሰርግ እያወራች ቀጠለች። ከዚያ በእውነትም ሂናውን ቀባቻት።

ማታ እራት ስንበላ እናቴ «ስንት አገኘች?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«አትሞኝብኝ።»

በማግስቱ አንሶላና የትራስ ልብሱን በፈላ ውሃ ነክራ፣ ፍራሹን ፀሐይ ላይ አውጥታ አገኘኋት። ከራስ ከወረደ ከሁለት ቀን በላይ እንደማይቆይ፣ ፍራሽ ማቃጠልም ቤት መርጨትም እንደማያስፈልግ ሴትየዋ ነግራኝ ነበር። በዘጠነኛው ቀን እናቴ ማንም ሳይነግራት ራሷ ባጃጁ ውስጥ ገብታ ተቀምጣ ጠበቀችን።

ይኸው ሁለት ወር ሞላን፣ ቅማል የሚባል የለም። ቅዳሜ ቅዳሜ ጸጉሯን አርጥበን፣ ብርሃን ያለበት በር ላይ አስቀምጠናት በማበጠሪያው እናያታለን። ከራስ ቆዳው ራቅ ብሎ የተለጠፈ ነጭ ነገር ብዙውን ጊዜ ባዶ ቅርፊት ነው ስላለችኝ አሁን ባየሁ ቁጥር አልደነግጥም። ትምህርት ቤት ተሠርታ ነው የምትሄደው፣ ማበጠሪያና ሻሽ አታውስም። የጓደኞቿን እናቶች እንድነግር ሹሩባ ሠሪዋ አዝዛኝ ስለነበር ሁለቱን አንኳኳሁ። አንዷ በሩን ዘጋችብኝ፣ አንዷን በሳምንቱ ልጇን ይዛ ሹሩባ ሠሪዋ ቤት መጋረጃው ጀርባ አገኘኋት። ባለቤቴ ደግሞ በኢሞ ጸጉሩን አይታዋለች፣ እሱን አልጽፈውም።

ሹሩባ ሠሪዋ ለመጀመሪያው ቀን 200 ብር ተቀበለችኝ፣ የሹሩባውን ሂሳብ። ለእናቴ ስከፍል «ሂናው ለእማ ነው» ብላ መለሰችልኝ። ስሜን እንዳትጽፍ ስላለችኝ አልጻፍኩም፤ ሳቢያን ያላችሁ ጽሁፉን ስታነቡ ማን እንደሆነች ታውቃላችሁ፣ ሌላው በውስጥ ይጠይቀኝ፣ በባጃጄ አደርሰዋለሁ። ልጃችሁ ስታክ ያያችሁ ሂዱ፣ እባካችሁ ሂዱ፣ ጠርሙስ ከመደርደር በፊት ሂዱ። አርብ በጁምዓ ሰዓት ትዘጋለች። ቅዳሜ የእውነት ሙሽሮች ስላሉባት ወረፋው ረጅም ነው፤ ማክሰኞና ረቡዕ ጠዋት ይሻላል። የብረት ማበጠሪያ ከካፊራ ገበያ ገዝታችሁ የራሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ሄዳችሁ ደግሞ መጀመሪያ እናንተን ልትፈትሽ ብትል እንዳትኮሩ፣ እኔ ኮርቼ ምን እንደተገኘብኝ አንብባችኋል።