ታሪካዊ ቤት ተከራየሁ፣ ታሪካዊው ቤት ግን ዝግ ነበር

አትላንታ ያደግኩባት ከተማ ናት። አሁን ኑሮዬ ስቶክሆልም ነው። ጁላይ 2024 ላይ ለእህቴ ሰርግ ስመለስ፣ ክላርክስተን ያለው የቤተሰቦቼ ቤት በእንግዳ ተጨናንቆ መተላለፊያ እንኳ አልነበረውም። አክስቴም ከአዲስ አበባ መጥታ ነበር። ጡረታ የወጣች የታሪክ አስተማሪ ናት፤ ማርቲን ሉተር ኪንግ የተወለደበትን ቤት ሳላይ አልመለስም ብላ ገና ከአውሮፕላን ሳትወርድ አስጠንቅቃኛለች። ስለዚህ ለሁለታችን እዚያው ሰፈር፣ ኦልድ ፎርዝ ዋርድ፣ ለሦስት ሌሊት ቤት ተከራየሁ። ለመሄድ ላሰባችሁ ይጠቅም እንደሆነ ያየሁትን ልጻፍ።

መጀመሪያ፣ ስላደርንበት ቤት። ማስታወቂያው "ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ታሪካዊ ቤት" ይላል። ውሸት የለውም። ወለሉ የጥንት ጣውላ ነው፣ ኮርኒሱ ከፍ ያለ፣ ፊት ለፊት ሰፊ በረንዳ ከነዥዋዥዌ ወንበሩ። ፎቶው ላይ የሌለው ደረጃው ነው። ጠባብና ቀጥ ያለ፣ መደገፊያው የሚነቃነቅ። መኝታውም መታጠቢያውም ያለው ፎቅ ላይ ነው። አክስቴ ደግሞ ጉልበቷን ያማታል። የመጀመሪያው ማታ በአንድ እጇ ግድግዳውን፣ በሌላው ትከሻዬን ይዛ ስትወጣ መሃል ላይ ቆም አለችና፣ "አንተ ልጅ፣ ቤት ነው ወይስ እንጦጦ ያመጣኸኝ?" አለችኝ። ላይ ስንደርስ ኤሲው ይጮሃል እንጂ አያቀዘቅዝም። የአትላንታን የጁላይ ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሌሊትም አይለቅም። ለአከራዩ ጻፍኩ። በማግስቱ ከሰዓት አንድ ፋን ይዞ መጣና "አሮጌ ቤት እንዲህ ነው" ብሎ ሳቀ። በአዳር 180 ዶላር ለከፈለ ሰው ሳቁ ብዙም አይጋባም። በረንዳውን ግን አልክድም። ጠዋት ጠዋት ሻያችንን ይዘን እዚያ ነበር የምንቀመጠው፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ሰላም ይላል፣ አክስቴም ለሁሉም ከወንበሯ ብድግ እያለች አጸፋውን ትመልሳለች።

የኪንግ ቤት ከእኛ በእግር አሥር ደቂቃ ነው፤ ኦበርን አቬኑ፣ ቁጥር 501። እዚህ ላይ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሳላጣራ ነው የሄድኩት። ቤቱ ከኖቬምበር 2023 ጀምሮ ለእድሳት ተዘግቶ ነበር። አጥር ዞሮት ነበር። አክስቴ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ አጥሩ ሥር ቆመች፤ አልተናገረችኝም፣ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ደግነቱ ልጅ ሆኜ ከትምህርት ቤት ወስደውን ገብቼበታለሁ፣ ስለዚህ እዚያው መንገድ ዳር አስጎብኚ ሆንኩ። ቤቱ በ1895 የተሠራ ባለ አንድ ፎቅ የእንጨት ቤት ነው። የእናቱ አባት ቄስ ኤ ዲ ዊሊያምስ በ1909 በ3,500 ዶላር ገዙት፤ ኪንግ ጃንዋሪ 15 ቀን 1929 ፎቁ ላይ ተወልዶ እስከ አሥራ ሁለት ዓመቱ እዚያ አደገ። በ2018 ከቤተሰቡ ላይ በ1.9 ሚሊዮን ዶላር ተገዝቶ ለብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ተሰጠ። አክስቴ ይህን ስትሰማ ነው ፊቷ የተፈታው። "የኛም ሰፈር መሬት እንዲሁ ነው የሆነው" አለች።

እሷን የገረማት ግን ከመንገዱ ማዶ ያሉት የሠራተኛ ቤቶች ናቸው። ሾትገን ሃውስ ይሏቸዋል። ክፍሎቹ ተከታትለው በአንድ መስመር የተደረደሩ ስለሆኑ፣ በፊት በር የተተኮሰ ጥይት ምንም ሳይነካ በጓሮ በር ይወጣል ይባላል። የቄሱ ትልቅ ቤትና የወዛደሩ ጠባብ ቤት ፊት ለፊት። ዘር መለያየት በሕግ በነበረበት ጊዜ ጥቁር ሀብታሙም ድሃውም አንድ ሰፈር ነበር የሚኖረው። ኦበርን ያኔ ባንክ፣ ኢንሹራንስ፣ ጋዜጣ የነበረው የጥቁሮች የንግድ ጎዳና ነው፤ በኋላ አውራ ጎዳናው መሃሉን ሰንጥቆት አለፈ። ዛሬም ድልድዩ ሥር ስታልፉ ከላይ የመኪናው ድምፅ ያስተጋባል።

ኪንግ ይሰብክበት የነበረው አቤኔዘር ቤተ ክርስቲያን ትንሽ ወረድ ብሎ ነው። መግቢያው ነጻ ነው። ውስጡ የኪንግ የተቀዳ ስብከት ይሰማል፣ ዝም ብሎ መቀመጥ ነው። እናቱ አልበርታ ኪንግ በ1974 እሁድ አምልኮ ላይ ኦርጋን ሲጫወቱ በጥይት የተገደሉት እዚሁ መሆኑን ለአክስቴ ስነግራት ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች። ከስድስት ዓመት በፊት ልጃቸውን የቀበሩ እናት ናቸው እኮ። ከዚያ ለመነሳት ብዙ ቆየን። መኪና ለያዛችሁ፣ የጎብኚዎች ማዕከሉ ማቆሚያም ነጻ ነው።

ምሳ ኤጅውድ ጎዳና ላይ ያለው የድሮው ገበያ ሄድን። ሕንፃው ከ1924 ጀምሮ ያለ ነው፤ ከርብ ማርኬት፣ የጠርዝ ገበያ እንደማለት፣ የሚባለው ያኔ ጥቁሮች ውጪ ጠርዙ ላይ እንጂ ውስጥ መሸጥ ስለማይፈቀድላቸው ነው። አክስቴ አንዱ ትሪ ላይ ጎመን አይታ "ጎመናችን!" ብላ ሮጠች፤ ጉልበቷም ተረሳ። እውነትም ያው ጎመን ነው። ብቻ ረቡዕ ነበር፣ እኔ ጠጋ ብዬ ስጠይቅ ሻጯ በኩራት "ከአሳማ ሥጋ ጋር ነው የተቀቀለው" አለችን። አክስቴ እጇን እንደ እሳት ሰበሰበች። ሙዝ በልተን ወጣን።

ቤቱን ድጋሚ እከራየው እንደሆነ ጠይቃችሁኝ ከሆነ፣ ብቻዬን አዎ፣ ከትልቅ ሰው ጋር በፍጹም። ሰርጉ ላይ ዘመዶች አክስቴን ከበው የኪንግን ቤት አየሽ ወይ ሲሏት ሰማሁ። "አየሁ እንጂ" አለች፣ "ደስ ይላል። ደረጃው ግን ሰው ይገድላል።"