የካልጋሪ ማዕከላዊ ቤተ መጻሕፍት፦ ከሕንፃው በፊት ቦታውን መገምገም

ስለ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሚጻፉ ግምገማዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩሩት በሕንፃው ውበት፣ በመጻሕፍቱ ብዛትና በመስተንግዶው ላይ ነው። በካናዳ የሚገኘውን የካልጋሪ ማዕከላዊ ቤተ መጻሕፍት በተመለከተ ግን አስቀድሞ ሊመዘን የሚገባው ያረፈበት ቦታ ነው፤ ምክንያቱም እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 2018 በሩን የከፈተው ይህ ሕንፃ የቆመው፣ የግንባታ መሬት ፍለጋ የሚዘዋወር ብዙ ሰው አይቶ ሊያልፈው በሚችል ስፍራ ላይ ነው።

መሬቱ ከማዘጋጃ ቤቱ ማዶ የሚገኝ ሲሆን፣ የከተማዋ ቀላል ባቡር ከመንገድ ላይ ወደ ዋሻ የሚወርደው በዚሁ ቦታ በኩል ነው። ሐዲዱ ቦታውን በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያቋርጠዋል፤ በአንድ ወገን ያለውን የመሀል ከተማ የሥራ አካባቢና በሌላው ወገን ያለውን ኢስት ቪሌጅ የተባለ ሰፈርም ለያይቷቸው ነበር። ሐዲዱን ማዛወርም ሆነ ባቡሩን ማቋረጥ አላስፈለገም፤ መስመሩ መጀመሪያ በኮንክሪት ተሸፈነ፤ ከዚያም ስኖሄታ የተባለው የኖርዌይ የአርክቴክቶች ድርጅት ከካናዳው ዳያሎግ ጋር የነደፈው ሕንፃ በላዩ ታነፀ። ዋናው መግቢያም ከሽፋኑ በላይ ከፍ ብሎ ስለተሠራ፣ ቀድሞ ሐዲድ ይዘጋው የነበረው ስፍራ ዛሬ ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው በእግር መሻገሪያ ሆኗል። ቤተ መጻሕፍቱን ፈልጎ ያልመጣ መንገደኛ ሳይቀር በእንጨት በተለበጠው ቅስት ሥር ያልፋል፤ ከሚያልፉት አንዳንዶቹ ጎራ ማለታቸው ደግሞ አይቀርም።

በእኔ ግምት የዚህ ቦታ ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። ለቤተ መጻሕፍት ቦታ የሚመርጡ ኮሚቴዎች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት መሬቱ ስንት ያወጣል፣ ስንት ካሬ ሜትር ነው፣ ስንት መኪና ያቆማል የሚለውን ነው። ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። ይሁን እንጂ የመሬቱ ችግር በገንዘብና በምሕንድስና ሊፈታ ሲችል፣ ሰዎች በዕለት ተዕለት ኑሯቸው ከሚመላለሱበት መንገድ የራቀን ሕንፃ ወደ መንገዳቸው የሚያቀርብ ምሕንድስና የለም። በካልጋሪ በሰቨንዝ አቬኑ የሚሄደው ቀላል ባቡር በመሀል ከተማው ክልል ውስጥ ያለ ክፍያ የሚሳፈሩበት ሲሆን፣ ለቤተ መጻሕፍቱ ቅርብ የሆነው የማዘጋጃ ቤቱ ጣቢያም በዚሁ ነፃ ቀጠና ውስጥ ነው። ስለዚህ ከመሀል ከተማው ሌላ ጫፍ የሚነሳ ተማሪ ወይም ሥራ ፈላጊ የትራንስፖርት ሳንቲም ሳያወጣ እስከ በሩ አቅራቢያ ይደርሳል።

ተመሳሳይ ድፍረት በሄልሲንኪም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2018 የተከፈተው ኦዲ ቤተ መጻሕፍት ከፊንላንድ ፓርላማ ፊት ለፊት የቆመ ሲሆን፣ ወደፊት የመኪና ዋሻ ሊያልፍበት ይችላል ተብሎ በተጠበቀ መሬት ላይ ስለተሠራ፣ ከ100 ሜትር በላይ የሚዘረጉ የብረት ቅስቶች እንደ ድልድይ ተሸክመውታል። ሁለቱ ከተሞች የተቸገሩበትን መሬት ትተው ርካሽና ጠፍጣፋ ሜዳ ፍለጋ ወደ ዳር አልወጡም።

ወደ ጉድለቶቹ ስንመጣ፣ መግቢያው ከሐዲዱ በላይ መነሣቱ ያስከተለው መውጣትና መውረድ ቀላል አይደለም። የውጪው ደረጃዎች ሰፋፊና ለመቀመጫም የሚያገለግሉ ናቸው፤ ተዳፋት መንገድም አለ፤ ሆኖም ለዊልቸር ተጠቃሚ፣ የልጅ ጋሪ ለሚገፋ ወላጅ ወይም ጉልበቱን ለሚያመው አዛውንት የበሩ ከፍታ ተጨማሪ ድካም ነው። የመሬት ከፍታ ልዩነት የግድ ድካም መሆን አልነበረበትም፤ እ.ኤ.አ. በ2004 የተከፈተው የሲያትል ማዕከላዊ ቤተ መጻሕፍት በዳገት ላይ ተሠርቶ፣ ዝቅ ካለው ጎዳና በአንድ ወለል፣ ከፍ ካለው ጎዳና ደግሞ በሌላ ወለል ያስገባል። የመኪና ማቆሚያን በተመለከተም፣ በዴንማርክ ኦርሁስ እንደሚገኘው ዶክ ዋን ቤተ መጻሕፍት ከሥሩ ወደ 1,000 መኪና የሚያስተናግድ ማቆሚያ እዚህ መጠበቅ አይቻልም፤ የከርሰ ምድሩን ቦታ ባቡሩ ይዞታል። በመኪና የሚመጣ በአካባቢው ባሉ ማቆሚያዎች ይጠቀማል። ይህን እንደ ከባድ ጉድለት አልቆጥረውም፤ የሚቆጥሩት እንዳሉ ግን አውቃለሁ።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ውኃው ነው። እ.ኤ.አ. በጁን 2013 የቦውና የኤልቦ ወንዞች ሞልተው የካልጋሪን መሀል ከተማ አጥለቅልቀዋል፤ ኢስት ቪሌጅም ከእነዚሁ ወንዞች መገናኛ አጠገብ ነው። ወንዝ ለቤተ መጻሕፍት ምን ሊያደርግ እንደሚችል የጣሊያኗ ከተማ ፍሎረንስ ታውቃለች፤ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 4 ቀን 1966 የአርኖ ወንዝ ሞልቶ በዳርቻው ባለው ብሔራዊ ማዕከላዊ ቤተ መጻሕፍት ከአንድ ሚሊዮን በላይ መጻሕፍትና ሰነዶችን አበላሽቷል። የካልጋሪው ቤተ መጻሕፍት ዋና መግቢያ ከፍ ማለቱ፣ ምክንያቱ ባቡሩ ቢሆንም፣ በዚህ ረገድ ሳይታሰብ የተገኘ ጥቅም ይመስለኛል።

ስለ ውስጡ አገልግሎት ብዙ የሚያከራክር ነገር የለም። ጫጫታ የሚበዛባቸው ክፍሎች ወደ ታች፣ ጸጥታ የሚፈልጉት ወደ ላይ ተመድበዋል፤ ትልቁ የንባብ አዳራሽም በላይኛው ወለል ላይ ነው። 245 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር የወጣበት ፕሮጀክት ይህን ያህል ማሟላቱ የሚጠበቅ ነው። የሄደ ሰው እንዳያልፈው የምመክረው ግን በሰሜን ጫፍ ያለውን ሾጣጣ ሳሎን ነው፤ ከመስኮቱ ዳር ሲቀመጡ ባቡሩ ከሕንፃው ሥር ሲገባና ሲወጣ ይታያል፤ ቦታው ለምን አስቸጋሪ እንደነበረም በአንድ እይታ ይገባል።