ግሮማክስ በተራ ላፕቶፕ፣ ጅማ ላይ

ፍርዴን መጀመሪያ ልናገር። ጂፒዩ (ስሌት የሚያፈጥን የግራፊክስ ቺፕ) የሌለው ላፕቶፕ ይዛችሁ፣ መብራት ድንገት ድርግም በሚልበት ሰፈር ተቀምጣችሁ፣ ፕሮቲን እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ማየት ካማራችሁ ግሮማክስን ጫኑ። ነፃ ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው።

ለማያውቁት፦ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ሆላንድ ውስጥ በግሮኒንገን ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ሶፍትዌር ነው። ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። የእያንዳንዱን አቶም ቦታ ይቀበላል፣ አቶሞቹ የሚሳሳቡበትንና የሚገፋፉበትን ኃይል ያሰላል፣ በኒውተን ሕግ ቅንጣት ታህል ያንቀሳቅሳቸዋል፣ ከዚያ እንደገና ያሰላል። ቅንጣት ስል ብዙውን ጊዜ 2 ፌምቶሰከንድ ማለቴ ነው። 1 ናኖሰከንድ ለመሙላት ይህንኑ 500,000 ጊዜ ይደጋግማል፤ ናኖሰከንድ ደግሞ የሰከንድ ቢሊዮንኛ ናት።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ፕሮቲን መጽሐፍ ላይ እንደተሳለው ድርቅ ብሎ አይቆምም። ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፣ ሥራውንም የሚሠራው እየተንቀሳቀሰ ነው። ጀማሪዎች ሁሉ የሚሞክሩት ላይሶዛይም ጥሩ ምሳሌ ነው፦ በእንቁላል ነጩ ክፍልና በእንባችን ውስጥ ያለ፣ የባክቴሪያን ግድግዳ የሚቆርጥ ፕሮቲን፤ የዶሮ እንቁላሉ 129 አሚኖ አሲድ ብቻ ነው ያለው። በሁለት ክፍሎቹ መካከል ያለው ስንጥቅ ከፈት ዘጋ ይላል። ውሃ ውስጥ ስትከቱት ከ30 ሺህ በላይ አቶም ይሆናል፣ አብዛኛው ግን ውሃው ነው። ከምሳ በኋላ ያስነሳሁት 1 ናኖሰከንድ ማታ ላይ ይደርስልኛል። ማራገቢያው ይጮኻል እንጂ ይሠራል።

አሁን ወደ ወደድኩለት ነገር ልምጣ። ጅማ ክረምት ሲገባ ነጎድጓዱና መብራቱ የተማከሩ ነው የሚመስለው፤ የኔ ላፕቶፕ ባትሪ ደግሞ ከሞተ ቆይቷል። ሌላ ፕሮግራም ቢሆን የግማሽ ቀን ስሌት አብሮ ይጠፋ ነበር። ግሮማክስ ግን ማንም ሳይነግረው በየ15 ደቂቃው ቼክፖይንት፣ ማለትም የደረሰበትን ሁኔታ የያዘ ፋይል፣ ያስቀምጣል። መብራት ሲመጣ ያንኑ ትዕዛዝ ሲፒአይ (-cpi) የሚለውን አማራጭ ጨምራችሁ ስትሰጡት፣ ካቆመበት ቀጥሎ በዚያው ፋይል ላይ ይጽፋል። 15 ደቂቃ በዛብኝ ካላችሁ ወደ 5 ማውረድ ትችላላችሁ። ይህንን ባሕርይ ማስታወቂያ ላይ ጎላ አድርጎ የሚጽፈው የለም፣ እዚህ ለምንኖር ሰዎች ግን ከፍጥነቱ ይበልጣል።

ዲስካችሁ ጠባብ ከሆነ ደግሞ የውሃውን እንቅስቃሴ ሳይጨምር የፕሮቲኑን ብቻ እንዲያስቀምጥ ከመጀመሪያው ንገሩት። ፋይሉ በጣም ነው የሚቀንሰው።

ወደ ቅሬታው። ምስል የሚባል ነገር የለውም፣ ያለው ጥቁር መስኮትና ጽሑፍ ነው። እንቅስቃሴውን ለማየት እንደ ቪኤምዲ ያለ ሌላ ፕሮግራም ያስፈልጋል። በዊንዶውስ የምትጠቀሙ ከሆነ በውስጡ ኡቡንቱ የሚባለውን ሊኑክስ ብትጭኑ ብዙ ጣጣ ይቀርላችኋል። የስህተት መልእክቶቹ ግን ሐቀኛ ናቸው፤ በየትዕዛዙ መጨረሻ የሚጥላት አንዳንድ ቀልድም ሌሊት ላይ ታስቃለች።

የጅማ ልጅ ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው ቡና ነው፣ እኔንም ብዙ ሰው የጠየቀኝ ይህንኑ ነው። ካፌይን የሚያነቃን እንቅልፍ እንቅልፍ የሚያሰኘን አዴኖሲን የሚባለው ሞለኪውል የሚቀመጥበትን ተቀባይ ፕሮቲን ቀድሞ ስለሚይዝበት ነው። ካፌይን የያዘው የተቀባዩ ቅርጽ ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የፕሮቲኖች ቅርጽ በሚከማችበት በፕሮቲን ዳታ ባንክ አለ፣ 3አርኤፍኤም (3RFM) በሚለው ኮድ በነፃ ይወርዳል። ችግሩ ተቀባዩ የሚኖረው በሴል ሽፋን ውስጥ መሆኑ ነው። የስብ ሽፋኑን አብራችሁ መገንባት አለባችሁ፣ የአቶሙ ቁጥር ያሻቅባል፣ ላፕቶፑም ወገቡ ይጎብጣል። በዚያ ላይ ፋይሉን እንዳለ ብትሰጡት ካፌይን የሚባል ነገር አላውቅም ብሎ ይቆማል፣ ምክንያቱም አብረውት የሚመጡት የኃይል ስሌቶች በዋናነት ለፕሮቲንና ለመሰሎቹ የተዘጋጁ ናቸው። የካፌይኑን ለብቻ ማዘጋጀት አለባችሁ። ለመለማመድ ከሆነ ካፌይንን ብቻውን ውሃ ውስጥ አድርጉት፣ ይበቃል።

ትልቁ ጉድለት ግን የሶፍትዌሩ ሳይሆን የሰዓቱ ነው። 1 ናኖሰከንድ አይቶ ስለ ፕሮቲኑ ሥራ መደምደም ጀበናው ሳይፈላ ቡናው ቀጠነ ብሎ እንደማማት ነው። ብዙ የፕሮቲን እንቅስቃሴዎች ማይክሮሰከንድ (የናኖሰከንድ ሺህ እጥፍ)፣ አንዳንዴም ሚሊሰከንድና ከዚያ በላይ ይፈጃሉ። ግሮማክስ የማይረባ ውጤትም ቢሆን ያለ ምንም ቅሬታ ሠርቶ ያስረክባል፤ ሙቀቱን፣ ግፊቱን፣ ፕሮቲኑ ከመነሻ ቅርጹ ምን ያህል እንደራቀ መፈተሽ የእናንተ ሥራ ነው። ቢሆንም አትናቁት። በ1977 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የመጀመሪያው የፕሮቲን ሲሙሌሽን፣ ማለትም እንዲህ ያለ የእንቅስቃሴ ስሌት፣ 9 ፒኮሰከንድ (ፒኮሰከንድ የናኖሰከንድ ሺህኛ ናት) ገደማ ብቻ ነበር፣ ያውም በዙሪያው ውሃ ሳይኖር። ከሠሩት ሦስት ሰዎች አንዱ ማርቲን ካርፕለስ ነው፣ በ2013 (እ.ኤ.አ.) በኬሚስትሪ ኖቤል ከተሸለሙት ሦስቱ አንዱ። ያንን 9 ፒኮሰከንድ የኔ አሮጌ ላፕቶፕ በደቂቃዎች ያልፈዋል።

ኡቡንቱ ላይ በአንድ ትዕዛዝ ይጫናል። ጂፒዩ በሙሉ ኃይሉ እንዲሠራ ከፈለጋችሁ ግን ብዙ ጊዜ ከምንጭ ኮዱ ራሳችሁ መገንባት አለባችሁ፣ እሱ ትንሽ ያደክማል። የጌም ላፕቶፕ ያለው ዘመድ ካላችሁ ማታ ማታ ለምኑት፤ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ያህል ነው።