አዲስ አበባ ስትሄዱ ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትክፈሉ

ዘንድሮ ቤተሰብ ለመጠየቅ አዲስ አበባ ሄጄ ነበር። ፍራንክፈርት ያሉ ወዳጆቼ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ዋጋ ነው። ዋጋው ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየር የእኔ ቁጥር ብዙም አይረባችሁም፤ ከከፈላችሁ በኋላ ዕቃው ቢበላሽ ምን እንደሚሆን ብታውቁ ይሻላችኋል።

ታክሲ በስልክ መተግበሪያ እዘዙ። የሹፌሩ ስምና የመኪናው ሰሌዳ ስልካችሁ ላይ ስለሚቀር ዕቃ ብትረሱ እንኳ የምትጠይቁት ሰው አለ። ምግብ ቤት ስትገቡ ደግሞ ሜኑው ላይ የተጻፈው ዋጋ ቫትና ሰርቪስ ይጨምር እንደሆነ ከማዘዛችሁ በፊት ጠይቁ።

ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ቀሚስ ያሠራንባት ባለሙያ እጅግ አስደስታናለች። የእህቴ ቀሚስ ወገቡ ላይ ጠቦ ስንመልሰው ወዲያው ፈትታ አስተካከለችው፤ ተጨማሪ ሳንቲምም አልጠየቀችም። እናቴ የድሮ ደንበኛዋ ናት፤ እዚያ ቤት መብታችንን የሚያስከብርልን ደንበኝነቱ ነው። እንደኛ መጥቶ የሚሄድ ሰው ግን በየሱቁ ደንበኛ የለውም፤ በእጁ ያለው ወረቀት ብቻ ነው።

ይህን በደንብ ያየሁት ለእናቴ ፍሪጅ በገዛንበት ሱቅ ነው። ዋጋ ከተስማማን በኋላ ሻጩ "በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?" አለን። ልዩነቱ 15 በመቶ ቫት ነው። በደረሰኝ አልነው። ፍሪጁ ብዙም ሳይቆይ ማቀዝቀዝ አቆመ። ተመልሰን ስንሄድ ሻጩ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም፣ አይለወጥም" የሚል ማስታወቂያ አሳየንና "ወንድሜ፣ መብራት ነው ያበላሸው፤ ከእኔ ሲወጣ ደህና ነበር" አለ።

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ግን ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ ደረሰኙን ይዞ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አዋጅን አይሽርም። እህቴ ይህንኑ በእርጋታ አስረድታ ካልሆነ ወደ ወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት እንደምትሄድ ነገረችው። ከብዙ ንግግር በኋላ ፍሪጁን ለወጠልን። ከዚያው ሱቅ ያለ ደረሰኝ ምድጃ የገዛች ጎረቤታችን ግን መግዛቷን እንኳ ማስረዳት ስላልቻለች ባዶ እጇን ተመልሳለች። ለዚያች 15 በመቶ ሲባል የሚሸጠው መብት ነው። ይህን የምናደርገው ደግሞ ውጭ አገር ደረሰኝ ሳንቀበል ከሱቅ የማንወጣው እኛ መሆናችን ያናድደኛል።

በሻጩ ላይ ብቻ መፍረድ ግን አልፈልግም። "አስመጪው ከእኔ አይቀበለኝም፤ ኪሳራው የራሴ ነው" ሲል አምኜዋለሁ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የለወጠልንን ፍሪጅ በነበረው ዋጋ መልሶ አያገኘውም። ጀርመን ውስጥ አዲስ ዕቃ የሸጠ ነጋዴ ለጉድለቱ ለሁለት ዓመት ተጠያቂ ነው። በመጀመሪያው ዓመት የታየ ጉድለት ሲሸጥም እንደነበረ ስለሚቆጠር "መብራት ነው ያበላሸው" የሚል ሻጭ ራሱ ማስረዳት አለበት። ነገር ግን ያ ሻጭ የከፈለውን ካቀረበለት ድርጅት የሚጠይቅበት ሕግም አለው። አገራችን ውስጥ ሸማቹን ከነጋዴው የሚያጣላው ኪሳራውን ከሻጩ ወደ አስመጪው የሚያደርሰው ይህ መሰላል መሰበሩ ነው። አስመጪው እንዲቀበል ካልተገደደ፣ መጨረሻ ላይ የቆመው ባለ ሱቅ ሁልጊዜ ግድግዳው ላይ ወረቀት ይለጥፋል።

ትልልቆቹ ዓለም አቀፍ ኩባንያዎች ግን እንዲህ ያለ ምክንያት የላቸውም። ፐብሊክ አይ የተባለው የስዊዘርላንድ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ ባደረገው ምርመራ፣ ለስድስት ወር ሕፃናት የሚሸጠው የኔስሌ የስንዴ ሴሬላክ ጀርመንና እንግሊዝ ውስጥ የተጨመረ ስኳር የለበትም፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ለሕፃኑ በአንድ ጊዜ በሚቀርበው መጠን ከ5 ግራም በላይ ስኳር ተጨምሮበት ተገኝቷል። ኩባንያው የየአገሩን ሕግ እንደሚያከብር ገልጿል። ያለ ስኳር መሥራት እንደሚቻል አውሮፓ ውስጥ ራሱ እያሳየ፣ ሕጉ አልከለከለኝም ብሎ ለኛ ሕፃናት ስኳር መጨመር ኃላፊነት የሚሰማው ንግድ አይባልም። ለዘመድ ልጅ ምግብ ስትገዙ ማሸጊያው ላይ ያለውን ዝርዝር አንብቡ።

ደረሰኙ የሚታተምበት ወረቀት ቶሎ ይደበዝዛል፤ ወዲያው በስልክ ፎቶ አንሱት፤ ዋናውን ደግሞ እዚያው ለሚቀር ዘመድ ስጡ። 15 ቀኑ የሚቆጠረው ከገዛችሁበት ቀን ነው። ስለዚህ መመለሻችሁ ሲደርስ ከመግዛት ይልቅ እንደገባችሁ ግዙና እናንተ እያላችሁ ዕቃው በደንብ ይሠራ።