አባይ በረሃ ላይ የሰመጠው ፔዳል፤ ከአሮጌ መርሰዲስ ጋር 14 ወር

መርሰዲስ ኢ 200 ኮምፕሬሰር፣ በፈረንጅ የ2008 ሞዴል፣ አውቶማቲክ። ከገዛኋት 14 ወር ሆነኝ። ወንበሯ ይመቻል፣ ድምጿ አይሰማም፣ ነዳጅ ትጠጣለች። ስለዚህ ሁሉ የምለው ይኸው ነው። የማወራችሁ ስለ ፍሬኗ ነው፤ ባለፈው ፋሲካ ሰሞን አባይ በረሃ ውስጥ ፔዳሉ ከእግሬ ስር እንደ ትራስ ሰምጦብኛልና።

እናቴን ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ ላመጣት ነው። ስሄድ ብቻዬን ነበርኩ፣ ማለዳም ነበር፣ ምንም አልተሰማኝም። ስመለስ ግን እናቴ ከጎኔ፣ እህቴና ልጇ ከኋላ፣ የዕቃ መጫኛው ውስጥ አንድ ኩንታል ጤፍ። ጎጃም ሄዶ ባዶ እጁን የሚመለስ የለም። ከደጀን ቁልቁል ስንጀምር እኩለ ቀን ሆኖ ነበር። ከፊቴ አንድ የተጫነ ሲኖ እየተንፏቀቀ ይወርዳል። እኔም የአውቶማቲኩን ማርሽ ዲ ላይ (ማርሹን ራሱ የሚመርጥበት የተለመደው መንጃ) እንደተውኩት ፍሬኑን ረገጥ፣ ለቀቅ፣ ረገጥ፣ ለቀቅ እያደረግሁ ከኋላው ተከተልኩ። ለነገሩ ከለቀቅሁት ይልቅ የረገጥኩት ይበዛል።

"አንተ፣ ምንድን ነው የሚሸተኝ?" አለች እናቴ።

"ከፊታችን ካለው መኪና ነው እማዬ።"

ዋሸሁ። ቀጣዩ ጥምዝ ላይ ስረግጥ ፔዳሉ ወረደ። ወረደ፣ ወረደና ወለሉ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ያዝ አደረገ። ደግሜ ስረግጠው ትንሽ ተሻለ። ሦስተኛውን ለመሞከር ወኔ አልነበረኝም። ማርሹን ወደ ግራ ነካ፣ ነካ እያደረግሁ ወደ ታች አወረድኩት። ሞተሩ ጮኸ፣ መኪናዋ ተያዘች፣ ሰፋ ያለች ቦታ ስናገኝ ዳር ይዤ ቆምኩ። ከፊት ጎማዎቹ ጭስ ይወጣል። ዝንጀሮዎች ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያዩናል።

ከኋላችን አንድ የጭነት መኪና ቆመ። ረዳቱ ጀሪካን ይዞ እየሮጠ መጣ፤ ጎማው ላይ ውሃ ሊያፈስልኝ። ሹፌሩ ከላይ ሆኖ ጮኸበት፦ "ተው! ውሃ እንዳታስነካው፣ ዲስኩ ይሰነጠቃል!" ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ "በማርሽ ነው የሚወረደው ወንድሜ፣ በፍሬን አይደለም" አለኝ። አፈርኩ። አንድ ሰዓት ያህል ቆመን ቀሪውን እስከ ድልድዩ ድረስ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ወረድን። በሕይወቴ ዳገት ሲጀምር እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ማታ ቤት ገብቼ እንቅልፍ ስላጣሁ ሒሳብ ሠራሁ። መኪናዋ ከነሰዉና ከነጤፉ ሁለት ቶን ገደማ ናት። ከደጀን እስከ ወንዙ ቁልቁለቱ ወደ 1,400 ሜትር ይደርሳል። ይህን ሁሉ ፍሬን ብቻውን ይሸከመው ብትሉት፣ የሚፈጠረው ሙቀት አራት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። አየሩና ጎማው የተወሰነውን ይካፈሉታል። ሞተሩም ድርሻውን ይወስድ ነበር፤ እኔ ዲ ላይ ትቼው እንጂ። ስለዚህ ግማሹ ጥፋት የእኔ ነው፣ አምናለሁ።

ግማሹ ግን የእኔ አይደለም። አዲስ አበባ ስደርስ ወደ አንድ የድሮ መካኒክ ወሰድኳት። ሰውዬው ኮፈኑን ከፈቱ፣ የፍሬን ዘይቱን ጣሳ ክዳን አነሱ፣ ወደ ውስጥ አዩና ዝም አሉ። ከዚያ፣ "ልጄ፣ ይሄ ዘይት ነው ጠላ?" አሉኝ። እውነትም ጠላ ይመስላል። አዲስ የፍሬን ዘይት ቢጫ ሆኖ የሚያሳልፍ ነገር ነው።

ያስረዱኝ እንዲህ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል። ውሃ ሲጠጣ ግን መለኪያው ወደ 155 ይወርዳል። ዘይት አይጨመቅም፤ የረገጣችሁትን ኃይል እንዳለ ለጎማው ያደርሳል። ከፈላ በኋላ የሚወጣው እንፋሎት ግን ይጨመቃል። ፔዳሉን ስትረግጡ የምትጨምቁት እንፋሎቱን ነው፣ ጎማው ምንም አይደርሰው። ሲቀዘቅዝ ደግሞ እንፋሎቱ ተመልሶ ዘይት ይሆንና ፍሬኑ ምንም እንዳልተፈጠረ ይይዛል። ለዚህ ነው አዲስ አበባ ውስጥ ወራት ስነዳት ምንም ያልታወቀኝ። ከቦሌ መገናኛ ዘይት አይፈላም።

ዲስኩን ጨምቀው የሚይዙትን የፊት ጎማ የፍሬን ሸራዎችም አወጡ። ገጻቸው ተቃጥሎ እንደ መስታወት ያበራል። በምን ዋጋ እንደተገዙ ሲያዩዋቸው ገባቸው፤ ሥሪቱ የማይታወቅ ርካሽ ሸራ።

አሁን ወደ ደላላው ልምጣ። መኪናዋን ሲያሳየኝ ምን አለኝ? "ብሮ፣ ፍሬኗ እንደ አዲስ ነው፣ ሸራ ገና አሁን ነው የተቀየረው።" እሺ፣ ሸራው ተቀይሯል። ዘይቱስ? ዘይቱን ማን ጠየቀ? እኔም አልጠየቅሁም። የጠየቅሁት ሌላ ነገር ነበር፣ በዚያም እኮራ ነበር። ይህ የኢ ክላስ ትውልድ በፈረንጅ በ2002 ሲወጣ ፔዳሉን በኤሌክትሪክ ምልክት የሚያነብ ኤስ.ቢ.ሲ የሚባል ፍሬን ነበረው። በ2004 ወደ 680,000 መኪና ለምርመራ የተጠራው በዚሁ ምክንያት ነው፤ በ2005 ደግሞ 1.3 ሚሊዮን መኪና ሲጠራ ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው ፍሬን ነበር። በ2006 እድሳት ሲደረግለት ተነሥቶ መደበኛው ፍሬን ተመለሰ። እኔ ይህን አንብቤ ስለነበር በሩን ከፍቼ ጆሮዬን ጣልኩ፤ ያ ያለበት መኪና በሩ ሲከፈት የፓምፕ ድምፅ ያሰማል። ድምፅ የለም። ኮፈኑን ከፍቼ ትልቁን የፍሬን ማገዣ ከበሮ አየሁ። "አይ፣ አንተ እንኳ ታውቃለህ" አለኝ ደላላው። ተሞገስኩ። ከበሮው አጠገብ ያለውን የጣሳ ክዳን ግን አልከፈትኩም። አንድ ስንዝር አይርቅም እኮ!

ደግሞ አትፍረዱብኝ። በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄድ የቤት መኪና ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ እዚህ ያሉት መኪኖች ናቸው ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩት። እያንዳንዱ ባለቤት ዘይት መቀየሩን ለሚቀጥለው ይተውለታል። በየሁለት ዓመቱ መቀየር ያለበት ነገር የእኔ ላይ ስንት ዓመት እንደቆየ እግዜር ይወቀው። ዋጋው ደግሞ ከአንድ ቤተሰብ የክትፎ ምሳ አይበልጥም።

ጥሩ ሸራ ሶማሌ ተራ ሁለት ቀን ፈልጌ አገኘሁ። ዘይቱን መካኒኩ ከነረዳታቸው ሆነው ቀየሩት፤ ልጁ ፔዳሉ ላይ፣ እሳቸው ከጎማው ስር፦ "ርገጥ! ያዝ! ልቀቅ!" ያ ጠላ ከአራቱም ጎማ ሲወጣ ቆሜ አየሁ። የመጨረሻው ጎማ ላይ ጥርት ያለ ቢጫ ሲመጣ ልቤ ረጋ።

ታዲያ እንዴት ሆነች? ሌላ መኪና። ሸራው ከዲስኩ ጋር እስኪላመድ ለጥቂት ቀን ቀስ ብዬ ነዳኋት። ከዚያ ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ወረድኩባት፣ ሆን ብዬ፣ ሦስት ጊዜ። ፔዳሉ ሁለት ጣት ሳይወርድ ይይዛል። ከዚያ በኋላ ኃይሉ የሚጨምረው እግሬ በጨመረው ልክ ነው፣ አይዘልም፣ አያንገጫግጭም። ቀይ መብራት ላይ ሲቆም አፍንጫዋ እንኳ አይደፋም። ይህ ሁሉ መጀመሪያም ውስጧ ነበር፤ እኔ ነኝ ለወራት ጠላ ላይ እየረገጥኩ "የጀርመን ፍሬን እንዲህ ለስላሳ ነው" እያልኩ ሳወራ የነበርኩት።

አንድ ነገር ብቻ አልተለወጠም፦ ፔዳሉ ትንሽ ይከብዳል። ዱባይ ያለው የአክስቴ ልጅ ተመሳሳይ ሞዴል ይነዳል፤ ለእረፍት መጥቶ ሲነዳት "ይቺ ማገዣዋ ሞቷል" አለኝ። አልሞተም። ያ ከበሮ የሚሠራው በውጭ አየርና በውስጡ ባለው ባዶነት መካከል ባለው የግፊት ልዩነት ነው። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ እገዛው ይቀንሳል፣ እግር ይጨምራል። እዚህ ባቄላ ቶሎ የማይበስለው በምን ሆነና!

ተጸጸትክ ወይ ላላችሁኝ፣ በረሃው ውስጥ የዚያን ቀን ቢሆን በግማሽ ዋጋ እሰጣችሁ ነበር። ዛሬ አልሰጥም። እናቴ ግን አሁንም ከጎኔ ስትቀመጥ ቁልቁለት ባየች ቁጥር ቀኝ እግሯን ወለሉ ላይ ትጫናለች።

ደላላው ባለፈው ሳምንት ደወለ። ገዢ አግኝቷል፣ ጥሩ ዋጋ ነው።

"ስለ ፍሬኗ ጠየቀ?" አልኩት።

"ኧረ ስለ ቀለሟ ነው የጠየቀው ብሮ።"

ዘጋሁት።