የፒዲኤፍ ቅጽ ዳታ ወደ ኤክሴል ሲገባ፦ አክሮባት፣ ፓወር ኩዌሪ እና ማክሮ በሚዛን

ከቅርንጫፍ ቢሮ በፒዲኤፍ ቅጽ ተሞልቶ የሚመጣ መረጃ ብዙውን ጊዜ ቅጹ ላይ ደህና ነው። ስልኩ 09 ብሎ ይጀምራል፣ ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጽፏል፣ ስሙም በፊደላችን ነው። የሚበላሸው ኤክሴል በር ላይ ሲደርስ ነው። የስልኩ ዜሮ ይወድቃል፣ ጳጉሜን ሜይ ይሆናል፣ አማርኛውም ወደ ጥያቄ ምልክት ይቀየራል። ስለዚህ ሦስቱን መሣሪያዎች፣ ማለትም የፒዲኤፍ ፕሮግራሙን አክሮባትን፣ የኤክሴል ዳታ ማስገቢያ የሆነውን ፓወር ኩዌሪንና በኤክሴል የኮድ ቋንቋ በቪቢኤ የሚጻፈውን ማክሮ፣ የመዘንናቸው እዚህ በር ላይ ምን ያህል ይጠብቃሉ በሚለው ነው።

ፍርዱን አስቀድመን እንናገር። በዓመት አንድ ጊዜ 20 ወይም 30 ቅጽ ለሚሰበስብ ሰው የአክሮባት ማዋሃጃ ይበቃል። ኮድ መንካት ለማይፈልግና ቅጹ ለማይቀያየርበት ፓወር ኩዌሪ ጥሩ ነው። በየሳምንቱ በአማርኛ የተሞላ ቅጽ ለሚቀበል ቢሮ ግን ማክሮ ይሻላል፣ ያውም በሰፊ ልዩነት።

በመጀመሪያ ስለ ፋይሉ ዓይነት። የፒዲኤፍ ቅጽ ዳታውን ለብቻው ሲያወጣ በዋናነት ኤፍዲኤፍ ወይም ኤክስኤፍዲኤፍ ይሰጣል። ኤፍዲኤፍ የቆየው ነው፤ የሳጥኑን (የመሙያ ቦታውን) ስምና እሴት በቅንፍ ውስጥ ያስቀምጣል፣ ከላቲን ውጭ የሆነ ጽሑፍ ሲያጋጥመው ግን ዩቲኤፍ-16 በሚባለው የፊደል ኮድ ይጽፈዋል። በኖትፓድ ሲከፈት አማርኛው የተበጣጠሰ ምልክት የሚመስለው ለዚህ ነው፤ መስመር በመስመር የሚያነብ ቀላል ማክሮም እዚሁ ይሰናከላል። ኤክስኤፍዲኤፍ ኤክስኤምኤል (በመለያ ምልክቶች የተደራጀ ተራ ጽሑፍ) ስለሆነ አማርኛው እንደተጻፈ ይነበባል። ቅጹን የምታዘጋጁት እናንተ ከሆናችሁ የመላኪያ ቁልፉን ስትሠሩ ኤክስኤፍዲኤፍን ምረጡ፤ ግማሹ ችግር እዚያው ያልቃል። የሳጥኖቹንም ፎንት ተመልከቱ፣ የግዕዝ ፊደል የሌለው ፎንት የተሰጠው ሳጥን ቅጹን የሚሞላውን ሰው ገና ሲጽፍ ያስቸግረዋል። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ የአማርኛ ፎንቶች የተጻፈ ጽሑፍን ደግሞ ከሦስቱ አንዱም አያድነውም፤ ውስጡ የላቲን ፊደል ነውና።

አክሮባት። በሚከፈልበት አክሮባት ውስጥ፣ ፕሪፔር ፎርም ስር፣ ሞር ከሚለው ዝርዝር “መርጅ ዳታ ፋይልስ ኢንቱ ስፕሬድሺት” የሚል ትእዛዝ አለ። ፋይሎቹን መርጦ መላክ ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ቅጽ አንድ ረድፍ፣ እያንዳንዱ ሳጥን አንድ አምድ ይሆናል። ፈጣን ነው፣ የሚማሩትም ነገር የለውም። ድክመቱ የሚያወጣው ሲኤስቪ፣ ማለትም እሴቶቹ በነጠላ ሰረዝ የተለያዩበት ተራ የጽሑፍ ፋይል፣ መሆኑ ላይ ነው። ሲኤስቪ ፋይል ደብል ክሊክ ሲደረግ ኤክሴል የእያንዳንዱን ሴል ዓይነት በግምት ይወስናል። 0911 ብሎ የጀመረው 911 ይሆናል። 13 አሃዝ ያለው የባንክ ሂሳብ ቁጥር 1ኢ+12 ተብሎ ይታያል፤ በዚያው መልክ እንደገና ሲኤስቪ ሆኖ ከተቀመጠ የቀሩት አሃዞች ለዘለዓለም ጠፉ። 16 አሃዝ ያለው የፋይዳ ቁጥር የባሰ ነው፣ ኤክሴል ከ15 አሃዝ በላይ ስለማይይዝ የመጨረሻውን ቁጥር 0 ያደርገዋል፤ ሴሉን በኋላ ወደ ጽሑፍ መቀየር አይመልሰውም።

አክሮባትን የምትጠቀሙ ከሆነ ሲኤስቪውን ደብል ክሊክ አታድርጉ። ባዶ ኤክሴል ክፈቱ፣ ዳታ ከሚለው ትር ፍሮም ቴክስት/ሲኤስቪን ምረጡ፣ የፋይሉን ምንጭ 65001 ዩኒኮድ ዩቲኤፍ-8 አድርጉ፣ የዳታ ዓይነት መለያውንም “አትለይ” (ዱ ኖት ዲቴክት) በሚለው ላይ አስቀምጡት። ይህን ሁሉ በየጊዜው በእጅ ማድረግ ግን አድካሚ ነው፤ አንድ ቀን የተረሳ እንደሆነ የሚያስጠነቅቅ የለም።

ፓወር ኩዌሪ ከኤክሴል 2016 ጀምሮ አብሮ የሚመጣ ነው። ጌት ዳታ፣ ፍሮም ፋይል፣ ፍሮም ፎልደር ብሎ አንድ ፎልደር ካሳዩት በኋላ ሪፍሬሽ ማለት ብቻ ይበቃል። ዩቲኤፍ-8ን ያለ ችግር ያነባል። ኤክስኤፍዲኤፍን ለመክፈት አዲስ አምድ ጨምሮ የኤክስኤምኤል ማንበቢያውን ፈንክሽን በእጅ መስጠት፣ ከዚያ የሳጥን ስሞቹን ወደ አምድነት ማዞር ያስፈልጋል። ሲያዞሩ “አታጠቃልል” (ዶንት አግሪጌት) የሚለውን ምርጫ ካልወሰዱ ጽሑፉን ሁሉ ቆጥሮ 1፣ 1፣ 1 ብሎ ያስቀምጣል። ከአንድ በላይ ምርጫ የሚፈቅድ ሳጥን ካለ ደግሞ ሁለት እሴት ለአንድ ሴል ስለሚመጣ ስህተት ይላል፤ እሴቶቹን አስቀድሞ በነጠላ ሰረዝ ማያያዝ ነው መፍትሔው።

ሁለት ነገር ግን ልብ ይበሉ። አንደኛው፣ ፓወር ኩዌሪ ሳይጠየቅ “ቼንጅድ ታይፕ” የሚል ደረጃ ይጨምራል፤ ስልኩን ቁጥር የሚያደርገው እሱ ነው። በስተቀኝ ካለው የደረጃዎች ዝርዝር ፈልጋችሁ አጥፉት። ሁለተኛውና የከበደው፣ ሪፍሬሽ በተደረገ ቁጥር ፎልደሩን ከመጀመሪያው ያነባል። የድሮ ፋይሎችን ከፎልደሩ ካወጣችሁ ረድፎቻቸው ከሠንጠረዡ ይጠፋሉ። ከሠንጠረዡ ጎን “ተከፍሏል”፣ “ይጣራ” እያላችሁ በእጅ የጻፋችሁት ማስታወሻም አዲስ ረድፍ መሀል ሲገባ ከባለቤቱ ይለያል። ይህ ለክፍያ ሥራ አደገኛ ነው፤ የአንዱ ማስታወሻ የሌላው ስም ላይ ያርፋል።

ወደ ማክሮው እንምጣ። የማክሮ ትልቁ ጥቅም አንዴ የገባን ረድፍ ዳግመኛ አለመንካቱ ነው። አዲሱን ፋይል ያነባል፣ ከታች አንድ ረድፍ ይጨምራል፣ ፋይሉን ወደ ሌላ ፎልደር ያዛውራል። ከዚያ በተረፈ የምታዝዙትን ብቻ ያደርጋል። በደንብ ካልተሠራ ግን ከሦስቱ የከፋ ነው፣ ስህተቱን በፍጥነት ስለሚያባዛው። ስለዚህ አሠራሩን በዝርዝር እንየው።

ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት “ካርታ” የሚባል ሺት ክፈቱ። በመጀመሪያው አምድ የቅጹን ሳጥን ስም፣ በሁለተኛው በኤክሴል የሚታየውን የአማርኛ ርእስ፣ በሦስተኛው ዓይነቱን (ጽሑፍ፣ ቁጥር፣ ቀን) ጻፉ። ይህ ለንጽሕና ሲባል ብቻ የሚደረግ አይደለም። የቪቢኤ መጻፊያ መስኮት አማርኛ አይቀበልም፤ ኮዱ ውስጥ “ስም” ብላችሁ ብትጽፉ ጥያቄ ምልክት ሆኖ ይቀራል። ርእሶቹ ሺት ላይ ካሉ ማክሮው ከዚያ ያነባቸዋል፣ ቅጹ ሲቀየርም ኮዱን ሳይነኩ ካርታውን ብቻ ማስተካከል ይቻላል።

ፋይሎችን ለመዘርዘር ብዙዎች ዲር የሚባለውን ፈንክሽን ይጠቀማሉ። በአማርኛ የተሰየመ ፋይል ሲያጋጥመው ስሙን አያውቀውም፣ ፋይሉም አይከፈትም። ፋይል ሲስተም ኦብጀክትን ተጠቀሙ፤ መዘርዘሩንም ማዛወሩንም በአማርኛ ስም ይሠራል። በኦፕን ትእዛዝ ጽሑፍ ማንበብም እንዲሁ አይሆንም፣ ዩቲኤፍ-8ን አያውቅም። ኤክስኤፍዲኤፍን በዊንዶውስ የኤክስኤምኤል ማንበቢያ በኤምኤስኤክስኤምኤል 6.0 ክፈቱት። “ኤሲንክ” የሚባለውን ቅንብር ልብ በሉ፦ ፎልስ ካልተባለ ኮዱ ፋይሉ ተነብቦ ሳያልቅ ወደፊት ይሄዳል፣ አንዳንዱ ረድፍም ባዶ ይመጣል። ከከፈታችሁ በኋላ የንባብ ስህተት መኖሩን ጠይቁ፤ በኢሜል የተቆረጠ ፋይል የሚታወቀው እዚህ ነው።

ጀማሪን ሁሉ የሚያቆመው ቀጣዩ ነው። ኮዱ ትክክል ይመስላል፣ ፋይሉ ይከፈታል፣ የሚገኘው የሳጥን ብዛት ግን 0። ምክንያቱ ኤክስኤፍዲኤፍ ከራሱ ላይ የአክሮባት ሠሪውን የአዶቢን የስም ክልል (ስሞቹ የማን እንደሆኑ የሚናገር መለያ) ማወጁ ነው፤ ያለ ቅድመ ቅጥያ “ፊልድ” ብሎ መፈለግ ምንም አያገኝም። ሴሌክሽን ኔምስፔስስ በሚለው ቅንብር ለዚያ ክልል አንድ አጭር ቅድመ ቅጥያ ስጡትና በሁሉም ፍለጋ ላይ አስቀድሙት። የሳጥን ስም ውስጥ ነጥብ ካለ (ለምሳሌ አድራሻ ነጥብ ከተማ) ፋይሉ ላይ “ከተማ” በ“አድራሻ” ውስጥ ተከቶ ይመጣል፤ ስለዚህ ሙሉውን ስም ለማግኘት ከወላጁ ጀምሮ ማያያዝ ግድ ነው። አለበለዚያ የቤት ከተማና የሥራ ከተማ አንድ አምድ ላይ ይደራረባሉ። ያልተሞላ ሳጥን እሴት ላይኖረው ይችላል፤ መኖሩን ሳይጠይቁ ማንበብ ስህተት 91 ያመጣል። ምልክት ያልተደረገበት ሳጥን ደግሞ ባዶ ሳይሆን “ኦፍ” የሚል ቃል ይዞ ሊመጣ ይችላል።

ወደ ሺት መጻፍ ላይ ቅደም ተከተሉ ሁሉንም ይወስናል። መጀመሪያ የአዲሱን ረድፍ የጽሑፍ አምዶች ፎርማት ቴክስት አድርጉ (በኮዱ ውስጥ የሚጻፈው የ@ ምልክት ነው)፣ ከዚያ እሴቱን አስገቡ። ቀድሞ አስገብቶ በኋላ ፎርማት መቀየር የጠፋውን ዜሮ አይመልስም። በእኩልነት ምልክት የሚጀምር ጽሑፍም በቴክስት ሴል ውስጥ ፎርሙላ ሳይሆን እንደ ጽሑፍ ይቀራል፣ ይህም ከደኅንነት አንጻር ጥሩ ነው። ሴል በሴል ከመጻፍ ረድፉን በሙሉ በአሬይ (በአንድ ዝርዝር) ይዞ አንዴ ማስቀመጥ ብዙ ጊዜ ይቆጥባል። ካርታው ላይ የሌለ ሳጥን ከመጣ አይጣል፤ “ያልታወቀ” ወደሚባል ሺት ከፋይሉ ስም ጋር ይሂድ። ፋይሉ የሚዛወረው ረድፉ ሙሉ በሙሉ ከተጻፈ በኋላ ብቻ ነው።

ቀን። ለአማርኛ ቅጽ ማክሮን አስመራጭ የሚያደርገው ትልቁ ነገር ይህ ነው። ኤክሴል የኢትዮጵያን አቆጣጠር አያውቅም፤ የተጻፈውን ቀን በግሪጎርያን ይወስደዋል። በአሜሪካ አቀማመጥ በተዋቀረ ኮምፒውተር ላይ 05/13/2016፣ ማለትም ጳጉሜን 5፣ ሜይ 13 ተብሎ ይነበባል። ጥቅምት 30፣ 30/02 ተብሎ ሲጻፍ ደግሞ 30ው እንደ ወር ስለሚታይና 30ኛ ወር ስለሌለ ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል። አንዱ አምድ ውስጥ ግማሹ የተሳሳተ ቀን፣ ግማሹ ጽሑፍ ይሆናል፤ ሲደረደር ትርምስ ነው። ስለዚህ ቅጹ ላይ ቀን፣ ወርና ዓመት ሦስት ሳጥን ይሁኑ፤ ማክሮው ወደ ኤክሴል ቀን የሚለውጠው በዚህ ስሌት ነው፦ ከዓመቱ 1 ቀንሶ በ365 ማባዛት፤ ዓመቱን ለ4 አካፍሎ ሙሉ ቁጥሩን ብቻ መደመር፤ ከወሩ 1 ቀንሶ በ30 አባዝቶ መደመር፤ ቀኑን መደመር፤ ከድምሩ 690,799 መቀነስ። መስከረም 1 ቀን 2000 ሲሰላ 39,337 ይወጣል፣ ይህም ኤክሴል ላይ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ነው። የተጻፈውን የኢትዮጵያ ቀን ግን ከጎኑ በጽሑፍነት አስቀሩት።

ሌላው የፊደል ጉዳይ ነው። ሀዋሳና ሐዋሳ መረጃን መድቦ ለሚቆጥረው የኤክሴል ፒቮት ሠንጠረዥ ሁለት ከተማ ናቸው። ማክሮ ይህን በቀላሉ ያቀናል፣ ምክንያቱም ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደላት ዩኒኮድ ላይ በቋሚ ርቀት ተቀምጠዋል። ሐን ወደ ሀ ለማምጣት ከቁጥሩ 16 መቀነስ፣ ሠን ወደ ሰ 16 መደመር፣ ፀን ወደ ጸ 8 መቀነስ፣ ዐን ወደ አ 48 መቀነስ ነው፤ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉት ሰባቱ ቤቶች በዚያው ይሄዳሉ። ሀ እና ሃ፣ አ እና ኣ ለብቻቸው ይታያሉ። ይህ ማስተካከያ ለመቁጠሪያ በተዘጋጀ ተጨማሪ አምድ ላይ ብቻ ይሥራ። የሰው ስም ላይ ፈጽሞ አይሂድ፤ መታወቂያው ላይ ፀሐይ የተባለች ሴት ጸሀይ ሆና ባንክ ብትደርስ የምትጉላላው እሷ ናት።

የማክሮ እንቅፋቶችም አሉ። ፋይሉ ማክሮ በሚይዝ ዓይነት (ለምሳሌ ኤክስኤልኤስኤም) ካልተቀመጠ ኮዱ ይጠፋል። ከ2022 ጀምሮ ማይክሮሶፍት ከኢንተርኔት የወረደ ፋይል ላይ ያለን ማክሮ በነባሪነት ያግዳል፤ ፋይሉን ራይት ክሊክ አድርጎ ፕሮፐርቲስ ውስጥ አንብሎክ ማለት ያስፈልጋል፣ ይህም ምንጩን ለምታውቁት ፋይል ብቻ። ማክ ኮምፒውተር ላይ ኤምኤስኤክስኤምኤል ስለሌለ ይህ ማክሮ እንዳለ አይሠራም። ሊብሬኦፊስ ካልክ የሚጠቀም ሰውም ኮዱን እንደገና መጻፍ አለበት፤ ሆኖም ካልክ ሲኤስቪ ሲከፍት የፊደል አቀማመጡንና የእያንዳንዱን አምድ ዓይነት አስቀድሞ ስለሚጠይቅ፣ በነጻ ከሚገኙት መካከል ለአክሮባት ሲኤስቪ ከሁሉ የተሻለ መክፈቻ ነው።

ማክሮውን ሥራ ላይ ከማዋላችሁ በፊት አንድ የሙከራ ቅጽ ሙሉ፦ ስልኩ በ09 የሚጀምር፣ የፋይዳ ቁጥሩ በ7 የሚያልቅ 16 አሃዝ፣ ቀኑ ጳጉሜን 5 ቀን 2016፣ ከተማው ሐዋሳ፣ አንድ ሳጥን ባዶ፣ የፋይሉ ስም በአማርኛ። ዜሮው ከቆመ፣ 7ቱ ካልተለወጠ፣ ቀኑም ሴፕቴምበር 10 ቀን 2024 ከሆነ ፎልደሩን ክፈቱለት።