ያገለገለ ካሜራ፣ ዘጠኝ ወር፣ ብዙ ብዥ ያለ ፎቶ

ካሜራውን የገዛሁት ነሐሴ ላይ ነው። ያገለገለ፣ ባለ 24 ሜጋፒክስል፣ ሰፋ አድርጎም አቅርቦም ከሚያሳየው ከ18-55 ሚሊሜትር ሌንሱ ጋር። ቀን ላይ እንከን አይወጣለትም። ጣጣው የሚጀምረው ሲመሽ ነው።

መስከረም 16 ደመራ ላይ 200 የሚሆን ፎቶ አነሳሁ። ቤት ገብቼ በኮምፒውተር ስከፍታቸው የሚረባው ከአስር አይበልጥም። ሌንሱ ተበላሽቷል ብዬ ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት። አጸዳልኝ፣ ከፈልኩ፣ ምንም ለውጥ የለም።

ነገሩ የገባኝ አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ አያቴ በሻማ ቡና ሲያፈሉ ነው። ያነሳሁትን አጉልቼ አየሁት። ጀበናው ጥርት ብሏል፤ ረከቦቱ ላይ ያለው ጭረት ሳይቀር ይታያል። የአያቴ እጅ ግን ጭስ መስሏል። የእኔ እጅ ተንቀጥቅጦ ቢሆን ጀበናውም አብሮ ይበላሽ ነበር። ሹተሩን፣ ማለትም ካሜራው ብርሃን ለማስገባት ተከፍቶ የሚቆይበትን ጊዜ፣ ሳየው 1/8 ሰከንድ ይላል። ቡና የሚቀዳ እጅ በዚያች ቅጽበት ብዙ መንገድ ይሄዳል።

ከዚያ ወዲህ ሳላጎላ አልፈርድም። ሁሉም ነገር ወደ አንድ አቅጣጫ ከተንሸራተተ ጥፋቱ የእኔ እጅ ነው። የቆመው ጠርቶ የሚንቀሳቀሰው ብቻ ከደበዘዘ ሹተሩ ዘግይቷል። ፊቱ ደብዝዞ ከኋላ ያለው ግድግዳ ከጠራ ደግሞ ፎከሱ ስቷል፤ ጨለማ ውስጥ ካሜራው የሚይዘው ነገር ያጣል። ያኔ መሃለኛዋን የፎከስ ነጥብ ብቻ መርጬ ብርሃንና ጥላ የሚገናኙበት ላይ፣ ለምሳሌ የነጠላ ጥለት ላይ፣ አነጣጥራለሁ።

ስገዛው «ሌንሱ ንዝረት ይከላከላል፣ ማታ አትቸገርም» ተብዬ ነበር። ግማሹ እውነት ነው። የእኔን እጅ ያረጋጋል፣ የአያቴን እጅ ግን አያቆምም።

አሁን ካሜራው ሁሉንም ራሱ የሚመርጥበትን አውቶ ትቼዋለሁ። ሹተሩን 1/125 ላይ አድርጌ አይኤስኦውን፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ እስከ 3200 እለቀዋለሁ። ፎቶው ላይ አሸዋ የተበተነ ይመስላል፣ ግድ የለም፣ ቢያንስ ሰውየው ማን እንደሆነ ይለያል። ችግሩ በዚህ ፍጥነት አብሮት የመጣው ሌንስ ጨለመብኝ።

ታኅሣሥ ላይ ባለ 50 ሚሊሜትር 1.8 ሌንስ ጨመርኩ። ቁጥሩ የአፐርቸሩ፣ ማለትም የሌንሱ ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ ነው፤ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። የድሮው ሲጎላ 5.6 ላይ ያበቃል፤ ይሄኛው ወደ አስር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። የገና ሌሊት መቋሚያ ይዘው የሚያሸበሽቡትን በጧፍ ብርሃን አነሳኋቸው። ፍላሽ እዚያ አይታሰብም፤ አላስፈለገኝምም።

ግን 1.8 ላይ ዓይን ጠርቶ ጆሮ ይደበዝዛል። ሁለት ሰው እኩል ካልቆመ አንዱ ይቀራል። ስለዚህ ብርሃን እስካልጨከነብኝ ድረስ 2.8 ላይ ነው የምሠራው። ይሄ ሌንስ እንደ ድሮው ሰፋ አያደርግም፤ ጠባብ ቤት ውስጥ አምስት ሰው ለማስገባት ሳፈገፍግ ጀርባዬ ከቁም ሳጥኑ ጋር ይጋጫል።

ባትሪው ደህና ነው። ካሜራውን ልሸጠው ነበር፣ ተውኩት። የድሮውንም ሌንስ አልሰጥም፤ የአያቴ ሳሎን ያለ እሱ አይገባልኝም።